ልጅን ከስኩል አውጥቶ ሙያ ማስያዝ፦ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ላይ ወረቀቱ እንዴት ነው የሚያዘው?

የአሌክሳንድሪያዋ እናት
ሰላም ለዚህ ቤት። ልጁ 16 ዓመቱ ነው፣ ዘንድሮ 10ኛን ይጨርሳል፣ ያለነው ቨርጂኒያ ነው። ኤሌክትሪክ ወይም ኤች-ቫክ (የቤት ማሞቂያና ማቀዝቀዣ ሥራ) ይፈልጋል። ከፐብሊክ ስኩል አውጥቶ ቤት እያስተማሩ ጎን ለጎን ሙያ ማስያዝ በሕግ ይቻላል? ለማን ነው የሚጻፈው? በመጨረሻስ ዲፕሎማውን ማን ይሰጠዋል? «ሰምቻለሁ» ሳይሆን የምታውቁትን ንገሩኝ።

ፋይል ያዥ
ይቻላል። ሕጉ የቨርጂኒያ ኮድ 22.1-254.1 ነው፤ አጭር ስለሆነ ራስዎ ቢያነቡት ይሻላል። ልጁ 18 እስኪሞላው ትምህርት ግዴታ ነው፣ ስለዚህ በ16 «አቋርጧል» የሚባል ነገር የለም። ወይ ስኩል ተመዝግቧል ወይ ሆምስኩል ነው።

በየዓመቱ እስከ ኦገስት 15 ለከተማው ወይም ለካውንቲው የስኩል ሱፐርኢንተንደንት (የአካባቢው ስኩሎች የበላይ ኃላፊ) ኖቲስ ይገባል። ማሳወቂያ እንጂ የፈቃድ ማመልከቻ አይደለም። የሚጠየቀው ልጁ በዓመቱ የሚማራቸው ትምህርቶች ዝርዝር ነው፣ እሱም ስማቸው ብቻ፦ እንግሊዝኛ፣ አልጀብራ 2፣ ባዮሎጂ፣ የአሜሪካ ታሪክ፣ ኤሌክትሪክ። የመጽሐፍ ርዕስ፣ የሰዓት ሰሌዳ፣ በቀን ስንት ሰዓት እንደሚማር ሕጉ አይጠይቅም። የካውንቲው ፎርም ከዚያ በላይ ከጠየቀ የራስዎን ደብዳቤ ጽፈው መላክ ይችላሉ።

ከዝርዝሩ ጋር ወላጅ ከአራቱ በአንዱ ማሟላቱን ያሳያል፦ የሃይስኩል ዲፕሎማ ወይም ከዚያ በላይ ካለው፣ የመምህርነት ብቃት ካለው፣ ልጁን በርቀት ትምህርት ፕሮግራም ካስመዘገበ፣ ወይም ማስተማር እንደሚችል ሌላ ማስረጃ ካቀረበ። አራተኛው ለሱፐርኢንተንደንቱ ፍርድ የተተወ ስለሆነ ሌላ አማራጭ ካለዎት አይንኩት።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ኖቲሱ የሚሄደው ለዲስትሪክቱ ቢሮ ነው፤ ልጁ የሚማርበት ስኩል ስለ ኖቲሱ ላይሰማ ይችላል። ስለዚህ ለስኩሉ ሬጅስትራር (መዝገብ ያዥ) የተለየ የመልቀቂያ ደብዳቤ ያስገቡና የተቀበሉበትን ቀን አስፈርመው ቅጂውን ይያዙ። አለበለዚያ ልጁ ቀሪ እየተባለ ይመዘገባል፤ ያለ ምክንያት 5 ቀን ከቀረ ስኩሉ የክትትል እርምጃ መጀመር ግዴታው ነው፣ ከዚያ ደብዳቤውም ስብሰባውም ይከተላል። ኖቲሱን በሰርቲፋይድ ሜይል ከሪተርን ሪሲት ጋር ይላኩት። አንድ ፖስታ ቤት ደርሶ መመለስ ነው፣ ከስንት ጭቅጭቅ ያድናል።

ዓመቱ ከተጋመሰ በኋላ የሚያወጣ ሰው ወዲያው ያሳውቃል፣ ቀሪውን በ30 ቀን ውስጥ ያሟላል።

የአሌክሳንድሪያዋ እናት
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁለት ነገር ልጨምር። ዲፕሎማዬ የአዲስ አበባ ነው፣ ይቀበሉታል? ደግሞ የልጁ እንግሊዝኛ ንባብ ገና ደካማ ነው። ዓመታዊ ፈተና አለ ሲባል እሰማለሁ።

ፋይል ያዥ
ሕጉ ዲፕሎማው የአሜሪካ ይሁን አይልም። ዲግሪ ካለዎት በአብዛኛው በእንግሊዝኛም ስለተጻፈ ኮፒው ይበቃል። ያለዎት የድሮ የ12ኛ ሰርተፊኬት ከሆነና አማርኛ ብቻ ከሆነ አስተርጉመው ያያይዙ። ክርክር ከመጣ ልጁን አንድ የርቀት ፕሮግራም ላይ አስመዝግበው የምዝገባውን ወረቀት መላክ ሦስተኛውን መንገድ ያሟላል።

ፈተናውን በተመለከተ፦ እስከ ኦገስት 1 ድረስ የዓመቱን መሻሻል የሚያሳይ ማስረጃ ይገባል። አንዱ አገር አቀፍ መለኪያ ያለው ፈተና ነው፤ ጠቅላላ ውጤቱ አራተኛ ስታናይን (ውጤቱ ከ1 እስከ 9 የሚከፈልበት ደረጃ) ወይም ከዚያ በላይ መሆን አለበት፣ ማለትም ከ23ኛው ፐርሰንታይል ጀምሮ። ልብ በሉ፣ የሚታየው ጠቅላላው ነው። ሒሳብ ከፍ ካለ ንባቡን ይሸከመዋል። የኮሌጅ መግቢያዎቹ የኤስ.ኤ.ቲ፣ የፒ.ኤስ.ኤ.ቲ ወይም የኤ.ሲ.ቲ ተመጣጣኝ ውጤትም ይሆናል።

እንግሊዝኛ ገና ለሆነ ልጅ ግን ፈተናውን ትቶ ሁለተኛውን መንገድ መያዝ ይሻላል። በየትኛውም ስቴት የመምህርነት ላይሰንስ ያለው ሰው ወይም በአንድ የትምህርት ዘርፍ ማስተርስና ከዚያ በላይ ያለው፣ የልጁን ትምህርት የሚያውቅ ሰው የግምገማ ደብዳቤ ይጽፋል። እኛ ሰፈር ማስተርስ ያለው ሰው አይጠፋም። ደብዳቤው «ጎበዝ ልጅ ነው» ቢል አያልፍም። የልጁን ሥራ አይቶ በቂ የትምህርት እድገትና መሻሻል እያሳየ መሆኑን በግልጽ ማለት አለበት፣ ቃሉ ከሕጉ ነው። ገምጋሚው ዲግሪውን ጠቅሶ ይፈርም። ልጁን ኦገስት ላይ አስቸኩሎ ከሚያየው ኖቬምበርና ማርች ላይ የጽሑፍ ሥራዎቹን ቢያይ ደብዳቤው የሚለው ነገር ይኖረዋል።

ማስረጃው ካልበቃ በአንድ ጊዜ ወደ ስኩል አይመልሱትም፤ የማስተካከያ እቅድ ቀርቦ ሲፈቀድ የአንድ ዓመት ፕሮቤሽን አለ።

ሲልቨር ስፕሪንግ
ሜሪላንድ ያላችሁ ይህን እንዳለ ወስዳችሁ እንዳትሠሩበት! ነገሩ የተለየ ነው። እዚህ ትምህርቱ ከመጀመሩ ቢያንስ 15 ቀን በፊት የካውንቲውን ፎርም ፈርሞ ማስገባት ነው። ወላጅ ዲፕሎማ አይጠየቅም፣ ዓመታዊ ፈተናም ግዴታ አይደለም። በምትኩ ስምንት ትምህርት ግዴታ ነው፦ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ሳይንስ፣ ሶሻል ስተዲስ፣ አርት፣ ሙዚቃ፣ ጤና፣ ስፖርት። ካውንቲው በዓመት እስከ ሦስት ጊዜ ፖርትፎሊዮ ሊያይ ይችላል።

ሰው የሚወድቀው በሒሳብ ወይም በእንግሊዝኛ አይደለም። በአርት፣ በሙዚቃና በጤና ነው፤ ከናካቴው ይረሷቸዋል። ለእያንዳንዱ ትምህርት አንድ ክላሰር ይዛችሁ ከየወሩ ሁለት ሁለት ቀን የተጻፈባቸው ሥራዎች አስቀምጡ። ቀን የሌለው ወረቀት «መደበኛ ትምህርት» መኖሩን አያሳይም። ሙዚቃ ላይ ልጁ ሰንበት ትምህርት ቤት ከበሮ ወይም በገና የሚማር ከሆነ የተማረውን መዝሙር፣ ቀኑንና የመምህሩን ፊርማ ይዛችሁ ግቡ፤ የሙዚቃ ትምህርት የሚሆነው የሃይማኖት ስለሆነ ሳይሆን መሣሪያ ስለተማረ ነው፣ እንደዚያ ብላችሁ ጻፉት። ጉድለት ካገኙ የማስተካከያ 30 ቀን ይሰጣሉ።

ካውንቲው እንዳይገመግመው የሚፈልግ በግል ወይም በቤተ እምነት የሚመራ የሆምስኩል ተቆጣጣሪ ድርጅት ሥር ይገባል፤ አምብሬላ የሚሉት ነው። ያኔ ግምገማው የእነሱ ሥራ ነው፣ ክፍያ አለው።

ቮልት
ወረቀቱ ላይ ጥሩ ተብሏል። እኔ ከሌላው ጫፍ ልጀምር። ከስኩል መውጫው ቀላል ነው፣ አንድ ደብዳቤ ነው። አስቸጋሪው ሙያው በር ላይ የሚጠየቀው ነው፣ ሰውም የሚያስበው መጨረሻ ላይ ነው።

ለዋሽንግተን አካባቢ የኤሌክትሪክ ዩኒየኑ ሎካል 26 ነው፣ ማሠልጠኛው ላንሃም ሜሪላንድ ነው፣ አፕረንቲስሺፑ (በደመወዝ እየሠሩ ሙያ የሚማሩበት) 5 ዓመት። የሃይስኩል ዲፕሎማ ወይም ጂ.ኢ.ዲ (በፈተና የሚገኝ የዲፕሎማ አቻ) ይፈልጋሉ፣ ሥራ ሲጀመር 18 መሙላት አለ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ አንድ ሙሉ ዓመት አልጀብራ ማለፍ። እናት የፈረመችበት ትራንስክሪፕት ላይ «አልጀብራ 1፦ ኤ» ተጽፎ ሲያዩ ማረጋገጫ አምጡ ቢሉ አትደነቁ። አልጀብራው ከኮሚኒቲ ኮሌጅ ትራንስክሪፕት ላይ ከወጣ ግን የሚከራከር የለም።

መግቢያ ፈተናው ሁለት ክፍል ነው። ሒሳቡ 33 ጥያቄ በ46 ደቂቃ፣ ያለ ካልኩሌተር። ንባቡ 36 ጥያቄ በ51 ደቂቃ። ውጤቱ ከ1 እስከ 9 ይሰጣል፣ ለኢንተርቪው 4 ያስፈልጋል። ጥያቄው ከባድ ሆኖ አይደለም ልጆች የሚወድቁት፤ ለአንዱ 80 ሴኮንድ ግድም ብቻ ስላለ ነው። ዓይነቱ እንዲህ ነው፦ 3(x − 4) = 2x + 5 ሲሆን x ስንት ነው? ቅንፉን ሲፈታ 3x − 12 = 2x + 5፣ ስለዚህ x = 17። ወይም 2, 5, 11, 23 ቀጥሎ ምን ይመጣል? እጥፍ ሲደመር አንድ ስለሆነ 47። ይህን በወረቀት ላይ ከአንድ ደቂቃ በታች መሥራት የማይችል ልጅ ገና አልተዘጋጀም። ሰዓት ይዛችሁ አለማምዱት። የእናትየው ልጅ ንባቡ ደካማ ነው ካሉ፣ እኔ ከሒሳቡ ይልቅ የምሰጋው ለ51 ደቂቃው ክፍል ነው።

ዩኒየን ያልሆነ ኩባንያ ዘንድ የስቴት አፕረንቲስሺፕም አለ፦ 4 ዓመት፣ 8,000 ሰዓት ሥራ ላይ፣ በየዓመቱ 144 ሰዓት ክፍል። ከ16 ጀምሮ መመዝገብ ይቻላል። ያለ አፕረንቲስሺፕ ለቨርጂኒያ ጆርኒማን (ላይሰንስ ያለው ባለሙያ) ፈተና ለመቀመጥ 4 ዓመት ልምድና 240 ሰዓት የሙያ ትምህርት ያስፈልጋል። ልምዱ በደብዳቤ ነው የሚረጋገጠው፤ በካሽ እየተከፈለው ሦስት ዓመት የሠራ ልጅ ማን ይጻፍለታል?

መምህር በጡረታ
ሁላችሁም «ይውጣ» ብላችሁ ነው የጀመራችሁት። አንድ ጥያቄ ግን ማንም አልጠየቀም፦ ስኩሉ ውስጥ ያለውን ሙያ አይታችኋል? ፌርፋክስ ካውንቲ ላይ አካዳሚ የሚባሉ የሙያ ማዕከሎች በሃይስኩሎች ውስጥ አሉ። ሞንትጎመሪ ካውንቲ ላይ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ቶማስ ኤዲሰን የቴክኖሎጂ ሃይስኩል አለ፤ ልጁ ግማሽ ቀን በሃይስኩሉ፣ ግማሽ ቀን እዚያ፣ አውቶቡስ ያመላልሰዋል፣ ክፍያ የለም። ኤሌክትሪክም ኤች-ቫክም ይሰጣል። የሜሪላንድ የወጣቶች አፕረንቲስሺፕ ደግሞ ቢያንስ 450 ሰዓት በደመወዝ እያሠራ የሃይስኩል ክሬዲት ይሰጣል። ምዝገባው የሚካሄደው ፌብሩዋሪ አካባቢ፣ ከሚቀጥለው ዓመት ኮርስ መረጣ ጋር ነው፤ ጁን ላይ ካውንስለሩ ዘንድ የሄደ ወላጅ የሚያገኘው ተጠባባቂ ዝርዝር ነው።

ሌላው፣ ልጁ አይ.ኢ.ፒ (ለልዩ ፍላጎት ተማሪ የሚዘጋጅ የድጋፍ እቅድ) ካለው ሲወጣ ያ መብት አብሮት አይወጣም። የንግግርም የንባብም ድጋፉ ይቆማል ወይም በጣም ይቀንሳል። የእንግሊዝኛ ድጋፍም እንዲሁ። ንባቡ ደካማ የሆነ ልጅ ላይ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ቮልት
መምህር ልክ ነዎት፣ ቦታ ከተገኘ እሱ ይቅደም። ግን 10ኛን የጨረሰ ልጅ የቀረው ሁለት ዓመት ስለሆነ ዘንድሮ ካለፈው አንዱ ሄደ ማለት ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ፣ አጎት ኩባንያ አለው ብላችሁ የ16 ዓመት ልጅ ሳይት ለምትልኩ። የፌዴራሉ የሠራተኛ ሕግ ከ18 በታች ላለ ልጅ የሚከለክለው ብዙ ነው፦ ክብ መጋዝ፣ ከ4 ጫማ በላይ ጥልቀት ያለው ቦይ፣ ጣራ ላይ የሚሠራ ማንኛውም ነገር። ጣራ ላይ ያለ የኤሲ ማሽን መግጠምም «ጣራ» ውስጥ ይገባል። በትክክል የተመዘገበ አፕረንቲስ ወይም የሙያ ተማሪ ከሆነ ለመጋዙ፣ ለቦዩና ለጣራው በቁጥጥር ሥር የተወሰነ ፈቃድ አለ። ሲዘር ሊፍት (ሠራተኛን ወደ ላይ የሚያነሳ መድረክ) ማንቀሳቀስ ግን ለአፕረንቲስም አይፈቀድም፣ እዚህ ላይ ነው ኩባንያዎች የሚቀጡት። የወላጅ የራሱ ኩባንያ መሆንም ከአደገኛ ሥራ ክልከላው አያወጣም። ሜሪላንድ ከ18 በታች ሁሉ ወርክ ፐርሚት ያስፈልገዋል፤ ቨርጂኒያ ለ14 እና ለ15 ዓመት ነው የሚጠይቀው።

የ16 ዓመት ልጅ ታዲያ ምን ይሥራ? ሣጥን መትከል፣ ቱቦ መለካትና ማጠፍ፣ ሽቦ መሳብ፣ ኃይሉ የጠፋ መስመር ላይ ሶኬት ማሰር፣ ዕቃ መቁጠር። ቁጥር 12 ሽቦ ለ20 አምፕ፣ ቁጥር 14 ለ15 አምፕ መሆኑን እየያዘ ይሂድ። ቢጫ ልባስ ያለው ኬብል ቁጥር 12፣ ነጩ ቁጥር 14 ነው። ድሮ የተሠራ ቤት ግን ሁሉም ነጭ ሊሆን ስለሚችል ልባሱን አይመን፣ ላዩ ላይ የታተመውን ያንብብ።

ፍሪዮን
ኤች-ቫክ ለሚያስቡ አንድ ነገር በ16ም ይቻላል፣ ሥራ ባይኖርም ይቻላል፦ የኢ.ፒ.ኤ (የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት) 608 ፈተና። የዕድሜ ገደብ የለውም፣ ልምድ አይጠይቅም፣ ካርዱ ጊዜው አያልፍም። ያለ እሱ የኤሲ ሬፍሪጀራንት (የማቀዝቀዣ) ጋዝ መግዛትም ያለ ተቆጣጣሪ መንካትም አይቻልም፤ ስለዚህ ካርድ ያለው ጀማሪና የሌለው ጀማሪ ለአሠሪ እኩል አይደሉም።

አራት ክፍል ነው፣ እያንዳንዱ 25 ጥያቄ፣ ማለፊያው 18። ኮር፣ ታይፕ 1 (ፍሪጅና ትንንሽ፣ እስከ 5 ፓውንድ ጋዝ)፣ ታይፕ 2 (የቤትና የሱቅ ኤሲ)፣ ታይፕ 3 (ዝቅተኛ ግፊት ያላቸው ትልልቅ ቺለሮች)። አራቱን ያለፈ ዩኒቨርሳል ይባላል። ኮሩ ፈታኝ ባለበት መወሰድ አለበት፤ ቤት መጽሐፍ ገልጦ የተሠራ ታይፕ 1 ለዩኒቨርሳል አይቆጠርም። ሰው የሚደናቀፈው ታይፕ 3 ላይ ነው፣ ምክንያቱም ሳይቱ ላይ አይቶት ስለማያውቅ በቃሉ ያጠናዋል።

ዩቲዩብ ላይ ያለው የድሮ ማጥኛ ሁሉ በቀድሞው የኤሲ ጋዝ በአር-410ኤ ላይ ነው። ከ2025 ወዲህ የሚመረቱት የቤት ኤሲዎች በአር-454ቢ እና በአር-32 ናቸው፣ ሁለቱም በመጠኑ የሚቀጣጠሉ ናቸው። ጌጁም፣ የጋዝ መሰብሰቢያ ማሽኑም ለእነሱ የተፈቀደ መሆን አለበት። ለልጅ ዕቃ የምትገዙ ከሆነ አሮጌ የመሰብሰቢያ ማሽን ርካሽ ነው ብላችሁ አታንሱ።

ኖርዘርን ቨርጂኒያ ኮሚኒቲ ኮሌጅ ኤች-ቫክ ዉድብሪጅ ካምፓስ ይሰጣል፣ የመኪና ጥገና ደግሞ አሌክሳንድሪያ። የሆምስኩል ልጅ በዱዋል ኢንሮልመንት (ሃይስኩል ሳይጨርሱ የኮሌጅ ኮርስ መውሰድ) መግባት ይችላል፤ ለሱፐርኢንተንደንቱ ያስገባችሁትን የኖቲስ ማረጋገጫ ይጠይቃሉ። ያ ደብዳቤ የጠፋበት ሰው ምዝገባ ቀን ላይ ይቆማል።

የአሌክሳንድሪያዋ እናት
ዲፕሎማው?

ፋይል ያዥ
ቨርጂኒያ ለሆምስኩል ልጅ ዲፕሎማ አይሰጥም። ዲፕሎማውንም ትራንስክሪፕቱንም የሚሰጠው ወላጅ ነው፣ ሕጋዊ ነው፤ ፋፍሳ (የኮሌጅ ገንዘብ ድጋፍ ማመልከቻ) ሲሞላም «ሆምስኩል» የሚል ምርጫ አለ። ኮሌጅ ብዙ ጊዜ አይቸገርም። አሠሪና ዩኒየን ግን ሁለተኛ ነገር ይፈልጋል።

ትራንስክሪፕቱ አንድ ገጽ ይሁን። ከላይ የልጁ ስም፣ የልደት ቀን፣ «የቤት ትምህርት፣ ቨርጂኒያ»። ከዚያ በዓመት በዓመት ኮርሱ፣ ውጤቱ፣ ክሬዲቱ። የፐብሊክ ስኩሉ አንድ ክሬዲት 140 ሰዓት ስለሆነ እሱን መለኪያ አድርጉት። ልጁ በዓመቱ 290 ሰዓት የኤሌክትሪክ ሥራ ከያዘ «ኤሌክትሪክ 1 እና 2፣ ክሬዲት 2.0» ብላችሁ ትጽፋላችሁ። ሰዓቱን በየሳምንቱ መዝግቡ፦ ቀን፣ ከስንት እስከ ስንት፣ ምን ሠራ፣ ማን አየው። ከዓመት በኋላ ተቀምጦ በግምት የተሞላ መዝገብ ሁሉም ሳምንት እኩል 6 ሰዓት ስለሚሆን ራሱን ያጋልጣል። የ9ኛና የ10ኛ ክፍል ውጤት ከፐብሊክ ስኩሉ ከነማኅተሙ ሳይወጡ አስቀድመው ያውጡ።

ሁለተኛው ዋስትና ጂ.ኢ.ዲ ነው። ቨርጂኒያ ላይ የሆምስኩል ፕሮግራሙን የጨረሰ ልጅ ከ16 ጀምሮ መቀመጥ ይችላል፤ መጨረሱን ወላጅ ይጽፋል። አራት ፈተና፣ በእያንዳንዱ 145፣ በአንዱ የተረፈው ለሌላው አይሻገርም። እንግሊዝኛና ስፓኒሽ ብቻ ነው፣ አማርኛ የለም። አሁን 16 ነው ብላችሁ ቶሎ አታስፈትኑት፣ «ጨርሷል» ብላችሁ ከፈረማችሁ በኋላ ዱዋል ኢንሮልመንቱ ይበላሻል። መጀመሪያ የኮሌጅ ኮርሶቹን ይውሰድ፣ ጂ.ኢ.ዲው ለመጨረሻ ዓመት ይቆይ።

ፊደል ቆጣሪ
ስለ ቋንቋ ማንም አላነሳም። አማርኛ እንደ ውጭ ቋንቋ ክሬዲት መያዝ ይችላል። «ቤት እንናገራለን» ግን ኮሌጅ ላይ አይሠራም፤ ስታምፕ ደብሊው.ኤስ የሚባለው ፈተና አማርኛ አለው፣ መጻፍና መናገር ይፈትናል። እዚህ ያደጉ ልጆች መናገሩ ላይ ጥሩ ናቸው፣ ጽሑፉ ላይ ይወድቃሉ። በኮምፒውተር በፊደል መተየብ አስቀድመው ካልተለማመዱ የሚያውቁትንም አይጽፉም።

አዲስ ገቢ
ጣልቃ ልግባ። የወንድሜ ልጅ 18 ዓመቱ ነው፣ ከአዲስ አበባ አሁን መጣ፣ 11ኛ ነበር። ስኩሉ ቆጣሪ ላይ «ዕድሜው አልፏል፣ ጂ.ኢ.ዲ ይሂድ» አሉን። ትክክል ነው?

መምህር በጡረታ
ቨርጂኒያ ከሆናችሁ አይደለም። ኦገስት 1 ላይ 20 ያልሞላው በነጻ ይማራል። ከ12ኛ ዓመት ልደቱ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ቨርጂኒያ ስኩል የገባ እንግሊዝኛ ተማሪን ደግሞ ቦርዱ እስከ 22 ድረስ ሊቀበል ይችላል። ሜሪላንድ እስከ 21 ነው። እምቢ ያሉበትን ምክንያት በጽሑፍ ስጡን በሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ላይ ነገሩ ይለወጣል። ከ9ኛ እስከ 11ኛ ያለውን የኢትዮጵያ ትራንስክሪፕት ይዛችሁ ሂዱና ወደ ክሬዲት ያስቀይሩ። ፊዚክስና ሒሳቡ ብዙ ጊዜ ይያዝለታል፤ የሚጎድለው እንግሊዝኛና የአሜሪካ ታሪክ ነው።

የአሌክሳንድሪያዋ እናት
እሺ፣ ገባኝ። ከሰኞ ጀምሮ ካውንስለሩን ስለ አካዳሚው እጠይቃለሁ፤ ቦታ ከሌለ ኖቲሱን እጽፋለሁ። አንድ የቀረኝ፦ ወደ ሥራ ቦታው ራሱ እየነዳ ቢሄድስ?

ቮልት
ላይሰንስ ካለው ወደ ሥራ መሄዱ ችግር የለውም። ሥራው ላይ መንዳት ሌላ ነገር ነው። በ16 የኩባንያውን መኪና መንገድ ላይ መንዳት ክልክል ነው፣ ዕቃ አምጣ ተብሎም ቢሆን። በ17 በቀን ብርሃን፣ ለአጭር ርቀትና ለትንሽ ሰዓት ብቻ። ቨርጂኒያ ከ18 በታች ላይሰንስ ለማውጣት የድራይቨር ኢዱኬሽን ኮርስ ያስፈልጋል፤ የሆምስኩል ወላጅ መንዳቱን ራሱ ለማስተማር ከዲ.ኤም.ቪ (የመንጃ ላይሰንስ ቢሮ) ፈቃድ መጠየቅ ይችላል። ማመልከቻው ላይ የኖቲሱ ማረጋገጫ ይያያዛል፣ ያው ደብዳቤ ነው፤ ሦስት አራት ኮፒ አንሱ።